የቶያን ዘይት

እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ መንደር የአዲስ ዓመታችን የቴት በዓል ሲቃረብ ቤት ይጠረጋል፣ የሞተር ሳይክል ዘይት ይቀየራል፣ ትራፊ ነገር ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም ቶያን ይህን ሰበብ አድርጎ፣ በየጠርሙሱ የተረፈውን ዘይት አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ እኔ ተኝቼ ሳለ ሞተሬ ውስጥ ገለበጠው። የከባድ መኪና ወፍራም ዘይት፣ የቤት መኪና ቀጭን ዘይት፣ ሌላም ጽሑፉ የተፋቀ ነገር። ማን ጠየቀው?

ቀኑ ደግሞ የምድጃው አምላክ ቀይ ዓሣ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ የሚወጣበት፣ የየቤቱን ጉድ የሚናገርበት ቀን ነው። ዓሣው በየቤቱ ተገዝቶ ከቀትር በፊት ወንዝ መለቀቅ አለበት፤ ቀትር ካለፈ የሚገዛኝ የለም። ዓመቱን ሙሉ ዓሣ የማሳድገው ለዚያች አንድ ጠዋት ነው።

ባዶዎቹን ጠርሙሶች ሳይ ክው አልኩ። ባሌ ሲነግረኝ ኖሯል፤ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚነከረው እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ የመኪና ዘይት ከገባበት ይንሸራተታል፣ ጎማው ጉልበት ያጣል። ይህንኑ ለቶያን ነገርኩት።

"ዘይት ዘይት ነው፤ አንቺ ዓሣሽን ጠብቂ" አለኝ እየሳቀ። ከኩሬዬም ለቤቱ ሥርዓት ሦስት ድልብ ድልቡን መርጦ ወሰደ።

ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ገና ዝግ ነው፤ ምን ላድርግ? የቀሩትን ዓሣዎቼን ሁሉ በሁለት በርሜል ጭኜ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ሞተር ሳይክሏ ደህና ሄደች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይገፋም። ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ወደቅን፣ በርሜሎቹ ተገለበጡ። ዓሣዎቼ አስፋልት ላይ ተንፈራገጡ። በእጄ እያፈስኩ ብመልሳቸው ውሃ የለ። አላለቀስኩም፤ ንዴቱ እንባዬን አደረቀው። አንድም አልተረፈም፤ የሞቱትን በርሜል ውስጥ ለቅሜ ቁልቁል ተመለስኩ።

ቤተ ዘመዱ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ቶያን ሦስቱን ዓሣዎች በሳፋ ይዞ፣ አምላኩ ስለ ቤታችን መልካም መልካሙን እንዲናገር ይለምናል። በርሜሉን እግሩ ሥር ዘረገፍኩት።

"ጋሼ ቶያን፣ አምላኩ ይህንንም ይናገርልን። ሞተሬ ውስጥ የገለበጡት ዘይት እንደሚያንሸራትት ነግሬዎት ነበር፤ ማን እንደጨረሳቸው እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።"

በበዓል ቀን አበደች ብሎ ሊስቅ ሞከረ። የሳቀለት የለም። እናቱ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ነግራህ ነበር?"

ስለ ዳገቱ፣ ስለ አነዳዴ ብዙ ቀባጠረ።

"ነግራህ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

"ነግራኝ ነበር።"

አማቴ ሳፋውን ከእጁ ነጥቀው ለእኔ ሰጡኝ። በዚያ ቤት ዓሣውን የሚለቀው ታላቁ ወንድ ነው፤ ሴት ለቃ አታውቅም። ወንዝ ወርጄ ለቀቅኳቸው። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ከዓመት ልፋቴ በሕይወት የቀሩት እነዚያ ሦስቱ ብቻ ነበሩ።