ምን ይጠብቃሉ?

ሐኪሙ የሽማግሌውን የወገብ ራጅ መብራቱ ላይ ሰቅሎ ብዙ አየና ወንበሩን ወደ እሳቸው ሳብ አደረገ።

«እሺ አባባ፣ ከኦፕሬሽኑ ምን ይጠብቃሉ?»

ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፤ የሰሙት መጨረሻውን ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘበኛ ናቸውና ሥራቸውን የተጠየቁ መሰላቸው።

«የእህል መጋዘን» አሉ ኮራ ብለው። «በቀን ፈረቃ ነው።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ሳቋ አመለጣትና አፏን በሻርፗ ያዘች። ነርሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስህተታቸው የገባቸው ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

እፍረታቸውን እሸፍናለሁ ብለው የባሰ ተናገሩ። እንደ ድሮው ኩንታል ብድግ ማድረግ ነው የምፈልገው፣ የመጋዘኑ ልጆች «ጋሼ ብረቱ» ነው የሚሉኝ፣ በወሩ ሥራ እገባለሁ ብዬ ለአለቃዬ ቃል ሰጥቻለሁ አሉ።

ሐኪሙ አላሾፈባቸውም። እግራቸውን እንደ እሳት የሚለበልባቸው የተጫነው ነርቭ ነው፤ እሱ ደህና ይሻላቸዋል ብሎ ያስባል። የወገባቸው ሕመም ግን ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። ኩንታሉንማ እርም ይበሉት። ይህን ረጋ ብሎ አስረዳቸውና፣ «የማይሆነውን ጠብቀው ከገቡ፣ ቢሻልዎትም አልዳንኩም ነው የሚሉት» አላቸው። «እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ልጃቸውን አየት አደረጉ።

«የኔ እናት፣ እስቲ ውሃ ፈልጊልኝ» አሏት። በሩን ዘግታ እስክትወጣ ቆዩና አንገታቸውን ደፉ።

«ሱሪዬን ራሴ መልበስ» አሉ።

ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ጎራ እያለች የምታለብሳቸው ይቺው ልጅ ናት።

«ዓይኗን ጨፍና ነው የምታለብሰኝ ዶክተር። ገላዬን ማየት ቀፏት ነው። አይፈረድባትም። ልጅ አባቷን እንዲህ...»

«እሱ ይሳካል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለ ሐኪሙ። «ማረጋገጫ ግን አልሰጥዎትም።»

በሩን ከፍተው ሲወጡ ልጃቸው ባዶ እጇን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ጆሮው የከበደ ሰው የሚያንሾካሹክ እየመሰለው ይጮሃል፤ ሁሉንም ሰምታለች። በርከክ ብላ የተፈታውን የጫማቸውን ክር ያዘች።

«ዓይኔን የምጨፍነው እየጸለይኩልህ ነው እኮ አባዬ» አለች፣ ወደ ጫማው እንዳቀረቀረች።

የቅድሙ እፍረት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። እሷ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይላቸው፣ እሳቸው በሆዳቸው ሲያሟት ነው የከረሙት። ይቅር በይኝ ሊሉ ፈለጉ፤ አፋቸው እምቢ አለ። እግራቸውንም ሊሰበስቡ ቃጡና መልሰው ተዉት።

«ጠበቅ አርጊው» አሉ፣ በቀስታ የተናገሩ መስሏቸው።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።