ካፒቴኑ አረፈ

አቻምየለሽ አቃቂ ባለ አንድ የቀለም ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቀለሙ ከእጇ ለቀቀ፤ ቁጥጥሩ ግን አልለቀቃትም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጠቅላላው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሯል።

ስለ አገር ውስጥ ፊልም ያላት አስተያየት አጭር ነው፤ "ቦሌ ቪላ ቤት ይጀምራል፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያልቃል።" ስለ ፍቅር ፊልምም ብዙ አትናገርም፤ "ጤነኛ ሰው ዝናብ ሲመጣ ወደ ጣራ ሥር ይሮጣል እንጂ ወደ ሜዳ አይሮጥም።" አፏ የሚፈታው የጠፈር ፊልም ሲነሳ ነው። በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ በሩ ሁሉ ሰው ሲያይ በራሱ ወለል ብሎ መከፈቱ ያበሳጫታል። "ከዚህ እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ በድንጋይ ያልተደገፈ በር አሳዩኝ!" ትላለች። ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው ሞተር ክፍል የሚገቡትን መሐንዲሶችም አታምናቸውም። አንድ ፕላኔት ሙሉ አንድ ቋንቋ ብቻ ሲናገር ደግሞ ከወንበሯ ትነሳለች፤ "ቱሉ ዲምቱ አንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እንኳ አራት ቋንቋ አለ!"

ይህን ሁሉ እየወቀሰች ግን አንድም ክፍል አምልጧት አያውቅም።

የምትከታተለው "ሩቅ ወደብ" የሚባለውን ነው። አንድ የሳተላይት ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአማርኛ ትረካ ያሳየዋል። ፈረንጆቹ ከሥር ሲያጉተመትሙ፣ ዘአማኑኤል የሚባል ተራኪ ከላይ ሆኖ የሁሉንም ድርሻ፣ የወንዱንም የሴቱንም የጭራቁንም፣ በዚያው በአንድ ወፍራም ድምፁ ይናገራል።

አብራት የምታየው ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ አደሴ ናት። የአደሴ አያቶች ያረሱት ማሳ ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል፤ እሷ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ክፍል እያከራየች ትኖራለች። የአቻምየለሽ ባል አሻግሬ ሞቶ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ጠያቂ ሲሳሳ፣ አደሴ አንድ ቅዳሜ ሳታንኳኳ ገባችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አይዞሽም በርቺም አላለች። "ያንን ነገር ክፈቺው፣ የጠፈሩን" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ አምስት ምዕራፍ አብረው አዩ።

አደሴ የምትመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። "ይሄ ካፒቴን እህል ሲቀምስ አይቼው አላውቅም፤ የማይበላ ሰው አላምንም" ትላለች። ምክትል አዛዧን ገና በመጀመሪያው ቀን "ዐይኗን እዪው፣ ሌባ ናት" ብላ ነበር፤ ፊልሙ ራሱ ይህን የደረሰበት ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ነው። መንኮራኩር በፈነዳ ቁጥር አቻምየለሽ "አየር በሌለበት ድምፅ የለም!" ትላለች። አደሴም በፈነዳ ቁጥር "ታዲያ ድምፁን ቀንሺው" ትላታለች።

የአምስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል የታየ ቀን ነው ነገር የመጣው። መንኮራኩሩ ክንፉ ተቃጥሎ፣ ካፒቴኑ ብቻውን መሪው ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ግራጫ ፕላኔት መስኮቱን እየሞላ ቀረበ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጨለመ። ከጨለማው ውስጥ ዘአማኑኤል ረጋ ብሎ፣

"ካፒቴኑም… አረፈ" አለ።

የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

"ተመስገን!" አለች አቻምየለሽ።

"ነፍስ ይማር" አለች አደሴ፣ በዚያው ቅጽበት።

ዞረው ተያዩ።

"የምን ነፍስ ይማር ነው? አረፈ አለ እኮ!"

"እኮ! አረፈ አለ።"

"መሬት ላይ አረፈ ነው የሚለው!"

"መሬት ላይ ቢሆን 'መንኮራኩሩ አረፈ' ይል ነበር። 'ካፒቴኑ' ነው ያለው። ሰው አረፈ ከተባለ አረፈ ነው፤ ድንኳን ይተከላል።"

"እንግዳውም ሆቴል አረፈ ይባላል። ሆቴል የገባ ሁሉ ይቀበራል?"

"እየጨሰ ሆቴል የሚገባ የለም።"

"አምስት ምዕራፍ ሙሉ ከዚህ የባሰ ጊዜ መንኮራኩሯን አሳርፏታል! የሁለተኛውን ምዕራፍ ረሳሽው? በአንድ ሞተር!"

አደሴ ሳቀች። ሳቋ አቻምየለሽን አናደዳትና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አደሴም ከፍ አደረገች። በመጨረሻ አደሴ ነጠላዋን እያጣፋች፣

"አንቺ ዱሮም 'አረፈ' ሲሉሽ አይገባሽም" አለች።



አሻግሬ የሞተ ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ከክፍሉ ወጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አርፈዋል" ብላ ነበር። አቻምየለሽ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌሊቱን ሙሉ እኮ ዐይኑን አልከደነም" ብላ ሲነቃ የሚጠጣው ሾርባ ልታመጣለት ፔርሙሱን ይዛ ተነሳች። ደረጃው ዘንድ ደርሳ ነበር። እጇን ይዛ የመለሰቻት አደሴ ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

አቻምየለሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። "ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ልብሴን ላስገባ" አለች። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም። አደሴ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ጣቢያው አዲሱ ምዕራፍ እስኪደርስ ብሎ ተከታታዩን ከመጀመሪያው ደገመው። ሁለቱም በየቤታቸው ከፈቱት። የዘአማኑኤል ድምፅ በግድግዳው በኩል እየዘገየ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ጭራቅ ሁለት ጊዜ ይናገር ጀመር። መንኮራኩር ሲፈነዳ አቻምየለሽ "አየር በሌለበት ድምፅ የለም" አለች። ድምፁን ቀንሺው የሚላት አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ቀነሰችው።

ሳሪስ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጇ ሊዲያ ነገሩን ስትሰማ ስልኳን አወጣች። "እማዬ፣ ሞቶ ይሁን ድኖ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፈልጌ ልንገርሽ።"

"እንዳትሞክሪ! ያልደረስኩበትን አላይም። የሱን መጨረሻ ከስልክ ላይ አልለቅመውም።"

ይህ የቆየ ሕጓ ነው። ደግሞም ካፒቴኑ ሞተም ዳነም የቀረባት ቅዳሜዋ ነበር፤ እሱን ስልኩ አያውቀውም።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሆነና ሁለቱም በእድሩ ተራ አንድ ድስት ላይ ተመደቡ። አቻምየለሽ ጨው ጨመረች። አደሴ "ጨምረሻል ወይ?" ብላ ለመጠየቅ አፏን መክፈት ስለነበረባት፣ እሷም ጨመረች። ለቀስተኛው አንድ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ውኃ ውኃ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ በምድር ባቡር ዘመን የጣቢያ ኃላፊ የነበሩ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ጎርሰው ሲያበቁ "ይሄ ጨው አይደለም፤ ይሄ ጠብ ነው" አሉ።

እሁድ ዳኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአደሴን አጎት ኦቦ ሂርጳን አስከትለው አቻምየለሽ ሳሎን ገቡ። አደሴም ተጠርታ መጣች፤ ከሶፋው ጫፍ፣ ዱሮ ከምትቀመጥበት ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሊዲያ ሻይ አቀረበች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጸሎት አድርሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ልጆቼ፣ ጠቡ በአንድ ሟች ምክንያት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሟቹ ማን ነው?"

"አልሞተም" አለች አቻምየለሽ።

"ሞቷል" አለች አደሴ።

"ቆይ። ስሙ ማን ነው?"

"ካፒቴን ኦርሊን" አለች አቻምየለሽ።

"ኦርሊን ማን?"

"የአባቱ ስም አይታወቅም፣ ጋሽዬ። ፊልም ላይ ነው።"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ኦቦ ሂርጳን ተመለከቱ። ኦቦ ሂርጳ ሻያቸውን አማሰሉ።

"ለፊልም ነው ለቅሶ ቤት ወጥ ያበላሻችሁብኝ? ይሁን፤ መጥተናል። ባለትዳር ነው?"

"ሚስቱ ሌላ ፕላኔት ተመድባ ነው" አለች አደሴ።

"ዝውውር አልጠየቀም?"

"ጠይቆ ነበር። ምክትሏ ደብዳቤውን ደበቀችበት።"

"ሌባ!" አሉ ኦቦ ሂርጳ።

ከዚያ ወዲያ ሽምግልናው አቅጣጫውን ሳተ። ሽማግሌዎቹ ሳይሰሙ አንፈርድም ስላሉ ሁለቱ ሴቶች አምስቱን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ያስረዱ ጀመር። አቻምየለሽ ሞተሩን ስታስረዳ አደሴ ሰዎቹን ታስረዳለች፤ አንዷ ስትረሳ አንዷ ታስታውሳለች። መኳረፋቸውንም ዘንግተው "ቆይ፣ እሱ የሦስተኛው ምዕራፍ ነው"፣ "አዎ ልክ ነሽ፣ ጨረቃዋ ከተሰነጠቀች በኋላ" መባባል ጀመሩ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ መርሐ ግብር የሌለው የጠፈር ወደብ አልዋጥላቸው አለ፤ "ሁለት መንኮራኩር ባንድ ሰዓት ቢመጣ ማን ነው የሚያሳልፈው? ሠራተኛ የለም?" ብለው ጠየቁ። አቻምየለሽ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟት አያውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ሻዩ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። በመጨረሻ ግራጫው ፕላኔት ዘንድ ሲደርሱ ሁለቱም ድንገት ትዝ አላቸውና ፊታቸውን አዞሩ።

"እንግዲህ ቃሉን የተናገረው ይጠየቃላ" አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

ሊዲያ የተራኪውን ቁጥር ከጣቢያው አፈላልጋ ይዛ ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያ ወፍራም ድምፅ "ሃሎ" ሲል ሁለቱ ሴቶች ሳይታወቃቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ዘአማኑኤል ነህ? ከአቃቂ ነው የምደውለው፤ የእድር ዳኛ ነኝ።"

"እድር?" አለ ድምፁ ተደናግጦ። "ማን ሞተ?"

"እኛም የምንጠይቅህ እሱን ነው።"

ስለ ካፒቴኑ ነግረውት ነገሩ ሲገባው ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያንን ክፍል ስተረጉም የሚቀጥለው ምዕራፍ አልደረሰኝም ነበር። ፈረንጁ ራሱ ምንም አይልም፤ ይጨልማል፣ ያልቃል። ዝም ብዬ ባልፈው ጣቢያው 'ትረካ ጎድሏል' ብሎ ይመልስብኛል። ዳነ ብል ይሞታል፣ ሞተ ብል ይድናል፤ ሕዝብ መሳቂያ ያደርገኛል። እና ቢሞትም ቢድንም የማያሳፍረኝ ቃል ፈለግሁ።"

"አገኘህ?"

"አረፈ። ካረፈም አረፈ፣ ካረፈም አረፈ።"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ መርቀው ስልኩን ዘጉት። "ይሄ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረበት" አሉ ኦቦ ሂርጳ።

"ፍርዱ ግልጽ ነው" አሉ ዳኛው። "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ነገር ግን እናንተን አውቃችኋለሁ። በዚህች ቃል ሁለት ወር የምትኳረፉ ሰዎች አይደላችሁም። ሌላ የተባለ ነገር አለ። እሱ ይውጣ።"

አቻምየለሽ ጣቶቿን ቆላለፈች። የደረጃው ነገር እዚህ ሳሎን ውስጥ ከተነገረ ሳይመሽ እድሩ ሁሉ ይሰማዋል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉላታል። እሱን አትችለውም። ሊዲያም ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ሊዲያም አታውቅም።

"አለ" አለች አደሴ። "ክፉ ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። አጥፊዋ እኔ ነኝ።"

"ምን አልሻት?"

"እሱን አልናገርም።"

"ይሄማ አይሆንም። ቃሉ ካልታወቀ በምን እንመዝነው?"

"በከባዱ መዝኑልኝ።"

"አደሴ!" አሉ አጎቷ። "ለሽማግሌ ቃል አይደበቅም።"

"አጎቴ፣ የተናገርኩት የኔ ነው። የተናገርኩበት ነገር ግን የኔ አይደለም።"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ተቆጡ። "ድንጋይ አሸክሜ ነው ይቅርታ የማስጠይቅሽ!" አሉ። ለማስፈራራት ነው እንጂ በዚያ ሰፈር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከታየ አርባ ዓመት አልፎታል።

"እሸከማለሁ" ብላ አደሴ ወጣች።

ከግቢው የሚንኳኳና የሚጎተት ነገር ተሰማ። ስትመለስ ግድግዳ ሲታደስ የተረፈ አንድ ሙሉ ብሎኬት ትከሻዋ ላይ ተሸክማ፣ ነጠላዋ አቧራ ለብሶ ነበር።

"ብሎኬት ደንብ አይደለም!" አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

"ድንጋዩን ሁሉ ኮብልስቶን አድርጋችሁ አነጠፋችሁት፤ ከየት ላምጣ?"

አቻምየለሽ ተነሳች። የምትለውን አላዘጋጀችም፤ ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ የልቧን ነገር ሰው ፊት ሳታዘጋጅ ተናግራ አታውቅም።

"ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ቃሉ ይቅር። እኔ ይቅር ብያታለሁ" አለች። ቀጥላም፣ ወደ አደሴ ሳይሆን ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን እያየች፣ "ሰውየውም… ሞቶ ሊሆን ይችላል" አለች።

"ማን ነው የሞተው?" አለች አደሴ ከብሎኬቱ ሥር።

"ካፒቴኑ። ልክ ነሽ፤ ክንፉ ተቃጥሎ ነበር።"

"ምን ያገባዋል ክንፉ! አርፏል እንጂ።"

"አርፏል ስትይ?"

"መሬት ላይ! በሁለት እግሩ! ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በአንድ ሞተር አላሳረፋትም?"

"ያኔ አየር ነበር። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ አያቆመውም። ሞቷል፣ አደሴ።"

"አልሞተም አልኩሽ!"

ኦቦ ሂርጳ ወደ ዳኛው ጠጋ ብለው "የቱጋ ነው አሁን ያለነው?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ባርኔጣቸውን አንስተው ሊዲያን ወደ ጎን ጠሩና የመጀመሪያው ምዕራፍ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቻናል እንደሚታይ በቀስታ ጠየቋት።

"መጀመሪያ ይሄን ብሎኬት አስቀምጪ" አለች አቻምየለሽ።

"መጀመሪያ አንቺ እመኚ።"

አቻምየለሽ አላመነችም። ጎንበስ ብላ ግን የብሎኬቱን አንድ ጫፍ ያዘችላት፤ ስለ አየሩ መሳሳትም ከመጀመሪያው አንስታ ታስረዳት ጀመር።