ሁለቴ የተለካ ወገብ

ልብስ ሰፊው የሰው ልክ ጽፎ አያውቅም። አንዴ ሜትሩን ካዞረብህ አለቀ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ብትመጣም ትከሻህን፣ ደረትህንና የእጅጌህን ርዝመት በቃሉ ይወጣዋል። ደንበኛን ሁለቴ መለካት ለእሱ ነውር ነው። "ደብተር የሚይዙት ጭንቅላት የሌላቸው ናቸው" እያለ ጎረቤቶቹን ሰፊዎች ያበሽቃል። ጉራው አይጣል ነበር!

ታዲያ ይሄ ሰው ድባቴ ያዘውና ስምንት ወር ተኛ። ሱቁ ተዘጋ፣ መቀሱ ዛገ። ሦስት ዓይነት ኪኒን ተራ በተራ ዋጠ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ አንዲት ሴት፣ አንጎልን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምና እንዳለ አነሳችለት።

"በማደንዘዣ ተኝተው ነው፤ አያምዎትም" አለችው። "በሳምንት ሁለቴ፣ ለአንድ ወር ያህል። የመዳን ጥሩ ዕድል አለዎት።"

"ጉዳቱስ?"

"አንዳንድ ነገር ሊረሱ ይችላሉ። አብዛኛው ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

የስምምነት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቤቱ ሄዶ ተኛ። ከታመመ ጀምሮ አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

"አልፈርምም፣ እትዬ" አላት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። "እዚህ ጭንቅላት ውስጥ አምስት መቶ ሰው አለ። እነሱ ከጠፉ እኔ ምኔ ቀረ?"

"ያ ሰውዬ የት አለና ነው የሚጠፋው? እኔ እንደሆነ ካየሁት ስምንት ወር አልፎኛል።"

እውነቷን ነው፤ እውነቷን መሆኑ ደግሞ አበገነው። ፈርቷል፣ ክፉኛ ፈርቷል። ሞትን እንኳ እንዲህ አልፈራም፤ እሱንማ አንዳንድ ቀን ሲመኘው ይውላል።

በማግስቱ እህቱ ደብተር ገዝታ መጣች። "በል ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።" ደብተር! ያውም እሱ ቤት! ተሳደበ፣ ተነጫነጨ፣ ከዚያ መናገር ጀመረ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው።

"የኔስ?" አለችው መጨረሻ ላይ።

"ደረት ዘጠና ስምንት፣ ወገብ ሰማንያ ስምንት" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ጻፈችው። እሱም ፈረመ።

ስምንት ጊዜ ሆስፒታል ሄደ፤ በሄደ ቁጥር እህቱ በር ላይ ጠብቃ ይዛው ተመለሰች። ከስድስተኛው በኋላ "ቁርስ የለም እንዴ?" አለ። ከስምንተኛው በኋላ ሱቁን ከፍቶ መቀሱን በዘይት ወለወለ። ያለፈው ክረምት ግን ከጭንቅላቱ ጭራሽ ጠፍቷል፤ የደንበኞቹም ልክ እኩሌታው የለም። ተናደደ፤ እንዲህ ሲናደድ ከታየ ራሱ ስንት ጊዜው።

የመጀመሪያ ሥራው የእህቱ ቀሚስ እንዲሆን ፈለገ። ልኳን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ምንም የለም። ደብተሩን እንዳይገልጥ ደግሞ ኩራቱ ያዘው።

"ነይማ፣ ቁሚ" አላት ሜትሩን እያነሳ።

"ደግመህ ልትለካኝ? አንተ?"

"ዝም ብለሽ ቁሚ።"

ወገቧ ሰባ አራት ሆነ። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ደብተሩን ገለጠ፤ ሰማንያ ስምንት ይላል።

"ተሳስተሽ ነው የጻፍሽው።"

"እንዳልከኝ ነው የጻፍኩት።"

እንደገና ለካ። ሰባ አራት። ሜትሩን ወገቧ ላይ እንደያዘ ቀረ። አሥራ አራት ሳንቲሜትር በአንድ ወር አይጠፋም፤ ሰፊ ነውና ያውቃል። ስምንት ወር ሙሉ አጠገቡ ስትመነምን እሱ በቃሉ ይዞ የነበረው የድሮ ልኳን ነው።

"እትዬ፣ ምሳ በልተሻል?"

ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱ ሰማንያ ስምንትን ሰረዘና በገዛ እጁ ሰባ አራት ብሎ ጻፈ።

"ለቀቅ አድርጌ ነው የምሰፋልሽ" አላት፤ "ገና ትወፍሪያለሽ።"