አቤት የሚለው አልጋ

የነሐሴ ጉም አውራ ገደል ላይ ሲወርድ ቀኑ ቀን አይመስልም። ሆስፒታሉ አፋፉ ላይ ስለተሠራ ጉሙ በመስኮቱ ስንጥቅ እየሾለከ የሴቶች ክፍል ድረስ ይገባል፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ዳር ያለውን አልጋ በግምት ካልሆነ አያየውም።

ሲስተር አመተሥላሴ ግን ዓይኗን ጨፍናም በዚያ ክፍል የምትደናቀፍ አልነበረችም። ታካሚ ከቀየትም ይምጣ ከራቤል በአባቱ፣ ካልሆነም በአማቱ ታውቀዋለች። እሱባለው ያመጣው መመሪያ ያንገፈገፋትም ለዚህ ነው። እሱባለው የታካሚ ደኅንነት ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነርስ ነው። መመሪያው አጭር ነበር፤ መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት ስም አትጥሩ፣ ታካሚዋ ራሷ ስሟን ትንገራችሁ ይላል።

በስብሰባው ላይ ተሳቀ። አንዱ የክርስትና ስማቸውንም እንጠይቅ እንዴ አለ። ሌላው ነገሩ ግምገማ ነው፣ ዛሬ ስህተቱን የተናገረ ነገ በአንድ ለአምስቱ ፊት ይቆማል ሲል አንሾካሾከ። አመተሥላሴ ግን ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እናቴን የምታህል ሴት ፊት ቆሜ ስምዎ ማነው ልበል? ፖሊስ ነኝ እኔ?»

«ሲስተር፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንዴት እንደሞቱ ብናውቅ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ» አላት እሱባለው።

ሳቁ ቆመ። ከኮሚቴው በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። በሐምሌ አንዲት ጀማሪ ነርስ ወይዘሮ አማከለች ብላ ስትጠራ፣ ከመስኮቱ ሥር የተኙት ጥሩሸዋ አቤት አሉ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠራ ዝም ማለት ነውር፣ ተሳስተሻል ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር መስሏቸው ነው። የአማከለችን ፔኒሲሊን ተወጉ፤ አልተስማማቸውም፤ ትንፋሻቸው ሐኪም እስኪመጣ እንኳ አልቆየም። አመተሥላሴ ልጅቷ እንዳትባረር ብላ፣ ልባቸው ደክሞ ነው ይባል አለች። ተባለ።

በስብሰባው ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የታካሚዋን የይዘንጋሽን የስኳር በሽታ መርፌ ይዛ ገባች። ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ፍራሹ ተጠቅሎ ባዶ ነበር። ወደ ይዘንጋሽ አልጋ እየሄደች እንደ ልማዷ ጠራች።

«እማማ ይዘንጋሽ!»

«አቤት።»

ድምፁ የመጣው ከመስኮቱ ሥር ነው። አመተሥላሴ ቆመች። ጆሮዬ ነው ብላ ደግማ ጠራች።

«አቤት» አለ ያው ድምፅ፤ ቀጭን፣ ታዛዥ።

ሴቶቹ የሱፍ ብርድ ልብሳቸውን፣ ባናቸውን፣ እስከ አገጫቸው ሳቡ። አንዷ አማተበች። ሰምተዋል ማለት ነው። አመተሥላሴ በክፍሉ የሌለ ስም፣ የሟች እናቷን ስም፣ ጠራች።

«ስንታየሁ?»

«አቤት።»

ወደ ይዘንጋሽ አልጋ ተጠጋች። በላዩ ያሉት አሮጊት ክንዳቸውን ገልጠው መርፌውን ይጠብቃሉ። በጉሙ ውስጥ እስከዚያች ቅጽበት ፊታቸውን ልብ ብላ አላየችውም ነበር።

«እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ተሾመች።»

ይዘንጋሽን የበሩ ነፋስ ስላስቸገራቸው ጠዋት አልጋ ተለዋውጠው ነበር። አመተሥላሴ ታዲያ ይዘንጋሽ ስል ምነው አይደለሁም አላሉም፣ ክንድዎንስ ለምን ሰጡኝ ብላ ጠየቀች።

«አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

ያ መርፌ ስኳር የሌለበትን ሰው እንደተኛ የሚያስቀር ነው። አመተሥላሴ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጉሙ በተጠቀለለው ፍራሽ ዙሪያ ረግቷል።

«እርስዎስ፣ እማማ» አለች፤ «ስምዎ ማነው?»

መጠየቁን ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው፣ ያው ድምፅ ቀስ ብሎ መለሰ።

«ጥሩሸዋ።»

አመተሥላሴ ደጅ ወጥተው የነበሩትን ይዘንጋሽን ፈልጋ፣ ስማቸውን ጠይቃ ወጋቻቸው። ከዚያ በቀጥታ እሱባለው ቢሮ ገብታ የሐምሌውን ልንገርህ፣ ግን ልጅቷን እንዳትነኳት ማልልኝ አለችው። እሱባለው ግን ነገሩ እሱ እጅ ላይ እንደማይቀር፣ ግምገማው ለእሷም ሊተርፍ እንደሚችል፣ ስለዚህ መማል እንደማይችል ነገራት።

እሷም የተሾመችን የተገለጠ ክንድ አሰበች።

«እንግዲያው ዝም በሉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ይጀምር» አለች ወንበር እየሳበች። «ግን መጀመሪያ የእሳቸውን፣ የጥሩሸዋን ስም ጻፍ።»