ለአይሱዙ የተሠራ ጥላ

አስረስ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሚስቱን ውድነሽን ጉድ የሠራትም ይኸው ነው። ቃሉን የሚያጥፍ ባል ቢሆን ኖሮ ከጅምሩ ዓይኗን ከላዩ አትነቅልም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ፒካፑን ሸጦ አይሱዙ የገዛ ለት ነው። ሚዛን ከተማ ቡናና ኮረሪማ ከገበሬ እየሰበሰበ ሲነግድ የኖረ ሰው አይሱዙ ቢገዛ ማንም አይፈርድበትም፤ ውድነሽም ደስ ብሏት ነበር። ችግሩ፣ አይሱዙው የፒካፑ ማቆሚያ ውስጥ ግንባሩን ብቻ አስገብቶ ወገቡን ውጭ ተወው። አስረስ ግቢው መሃል ቆሞ አየው።

"ይኼ ፀሐይ ቀለሙን ይልጠዋል፤ ጎማውን ይሰነጥቀዋል" አለ። "ጥላ ያስፈልገዋል።"

ያን ጊዜ ውድነሽ ይቺን ንግግር ልብ አላለቻትም።

ማቆሚያውን ማስፋት የሚቻለው ወደ ጓሮ ብቻ ነበር፤ ጓሮው ደግሞ የሷ ነው። በወረቀት አይደለም፣ በወገቧ ነው። ጎደሬው፣ እንሰቱ፣ አቮካዶው፣ የቡናው እግር ሁሉ በእሷ ዶማ የቆመ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ኮረሪማው አለ። ባገባች ዓመት እናቷ ሚዛን አጠገብ ሸዋ ቤንች ካለው ማሳቸው ሥሩን ቆፍረው፣ በእርጥብ ኮባ ጠቅልለው፣ ተሸክመው አመጡላት። "የቤታችን ሽታ ከቤትሽ አይጥፋ" ብለው ነበር የሰጧት። ዛሬ እናቷ የሉም፤ ማሳውም በሰው እጅ ገብቷል። ያ ሽታ የቀረው እዚያ ጓሮ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተደራደሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲባጎና ችካል ይዘው ወጡ። አስረስ የመጀመሪያውን ችካል የመታው ኮረሪማው መሃል ነበር፤ ውድነሽ ነቅላ አጥሩ ላይ ወረወረችው።

"የግቢውን በር ወደ ጥግ አዙረው" አለችው። "መኪናው አጥሩን ታክኮ በቀጥታ ይግባ። ያን ጊዜ መዞሪያ ቦታ አያስፈልግህም። ጎደሬውን ውሰድ። ልብስ ማጠቢያዬን ውሰድ። አቮካዶውንም ይሁን ግድ የለም፣ ውሰድ። ከዚህ ሲባጎ ወዲህ ግን አንድ ኮረሪማ እንዳትነካ።"

አስረስ ወዲያ ወዲህ እየተራመደ ለካ፤ አሰበ፤ ልክ ናት። "እናትሽ ትሙት፣ አንድ ቅጠል አልነካም" ሊል አፉን ከፍቶ እናቷ መሞታቸው ትዝ አለውና "ሚካኤልን፣ አንድ ቅጠል አልነካም" ብሎ ማለ።

ስለ ዋንዛው ማንም አላነሳም። ዋንዛው ከሲባጎው ወዲያ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ቅርንጫፉ ግን ተሻግሮ ኮረሪማውን ሙሉ በሙሉ ከድኖታል። ውድነሽ ስለ ዛፉ መናገር አልታያትም። ኮረሪማ ያለ ጥላ አይኖርምና፣ በአገሯ ኮረሪማውን አትንካ ያለ ሰው ዛፉንም ማለቱ ነው። ሕፃን ያዝልኝ ያለ ሰው፣ አንገቱንም ደግፍ ብሎ አይጨምርም።

አስረስ ግን ያደገው ጤፍና ስንዴ በሚዘራበት ሜዳ ነው። እዚያ ማሳ ላይ ጥላውን የሚጥል ዛፍ ጠላት ነው፤ ይቆረጣል። ሚዛን ከገባ በኋላ ደግሞ ኮረሪማን የሚያውቀው በጆንያ ነው፤ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ አፉ ተሰፍቶ። የት እንደሚያድግ ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም።

ግንባታው እንደተጀመረ የውድነሽ እህት ትሕትና ቴፒ ላይ ወለደችና ውድነሽ ልታርሳት ሄደች። አስረስን በስልክ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነበር። "ሲባጎሽን አላለፍንም፤ አራስሽን ተንከባከቢ።"

የተመለሰችው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። የግቢውን በር ስትከፍት መጀመሪያ የመታት ብርሃኑ ነው። ግቢዋ እንዲህ ያለ ብርሃን ኖሮት አያውቅም። ከዚያ ጉቶውን አየች። ቀጥላ፣ አጥሩ ሥር የተከመረውን ግንድ አየች። ኮረሪማው ከሲባጎው ወዲህ እንዳለ ቆሟል፤ አንድም አልጎደለ። ቅጠሉ ግን ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉ በእሳት እንደተለበለበ ተጠቅልሏል።

አስረስ እጁን እያሻሸ መጣ። "እይው" አለ። "አንድ ተነቅሎ ከሆነ ጆሮዬን ቁረጪ።"

"ዛፉስ?"

"ዛፉማ ከሲባጎው ወዲያ ነው። ቅርንጫፉ ቢወድቅ ቆርቆሮውን ይሰብራል፣ መኪናውንም ይጎዳል። ደግሞ ለኮረሪማሽም በጀው፤ ታፍኖ ነው የኖረ። ፀሐይ የጠላ ተክል አለ?"

የውድነሽ ንዴት ከእግሯ ጀምሮ ነበር የሚወጣው። ዞር ስትል ግንበኛው ሳህሉ አካፋውን ሲያጥብ አየችው።

"አንተ የሸዋ ቤንች ልጅ አይደለህም?" አለችው። "አባትህ ኮረሪማ የላቸውም? መጋዝህን ስታነሳ እጅህ አልተንቀጠቀጠም?"

"እትዬ ውድነሽ፣ እኔስ ተናግሬ ነበር" አለ ሳህሉ አንገቱን ደፍቶ። "ጋሽ አስረስ እሷ ታውቃለች፣ ተስማምተናል አሉኝ።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንባት ሳህሉን ተወችውና ወደ ባሏ ዞረች። አስረስ ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው አነሳ።

"ያው... በሲባጎው ተስማምተን የለ?" አለ።

ያን ለት ራት አላቀረበችለትም። አልጋው ላይ ጀርባዋን ሰጥታው የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሰው ብረቱ ፀሐይ እንዳይነካው ብሎ ነፍስ ያለውን ነገር ጥላ ገፈፈ።

ጠዋት አስረስ በአይሱዙው ለወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወጣ። መኪናው ከበሩ እንደራቀ ውድነሽ ዶማዋን አነሳች። የመጀመሪያውን ኮረሪማ ከነአፈሩ ቆፍራ አወጣችና አዲሱ ማቆሚያ ውስጥ አስገባችው። ወለሉ ገና አፈር ነው። ከኋላ በኩል ቆርቆሮው ስላልተመታ ብርሃኑ በማገሩ መሃል ተሰባብሮ ይገባል። ጉድጓድ ቆፈረች፤ ተከለች፤ ውኃ አጠጣች። ሁለተኛውን ልታመጣ ስትወጣ ሳህሉ ዶማውን ከእጇ ተቀበላት።

አስረስ ሲሚንቶውን ጭኖ የተመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። መኪናውን አጥሩን አስታኮ ነድቶ ሊያስገባ ሲል ፍሬን ያዘ። ማቆሚያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮረሪማ ነው። ውድነሽ መሃሉ ላይ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ቆማለች።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ ወርዶ። "ዛሬ ሊሾ ነው እኮ።"

"ሊሾ የለም። ያቺ የቀረችውም ቆርቆሮ አትመታም።"

"መኪናው የት ይቁም ታዲያ?"

"ፀሐዩ ላይ። ፀሐይ የጠላ መኪና አለ?"

"ውድነሽ፣ ቀልዱን ተይ።"

"እየቀለድኩ አይደለም" አለች። "እናቴ ተሸክማ ያመጣችልኝን ነው ያቃጠልክብኝ። እሷ ታውቃለች ብለህ፣ በእኔ ስም ነው ያስቆረጥከው። ጥላቸውን ወስደህ ለመኪናህ ሰጠኸው። ይኼ ጥላ የነሱ ነው፤ መለስኩላቸው።"

አስረስ ሳህሉን አየው። ሳህሉ አጎንብሶ አፈር ይጠቀጥቃል።

"እስከ መቼ?" አለ አስረስ።

"ሌላ ዋንዛ እስኪደርስ።"

"ዋንዛ እኮ ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው!"

"ዛሬ ከተከልከው ቶሎ ይደርሳል። ጉቶው አጠገብ ጉድጓዱን ምሰህ ጀምር።"

አስረስ ግንባሩን በመዳፉ ከልሎ ግቢውን ዞሮ አየው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። የሚጠለልበት ቢፈልግ በግቢው ውስጥ ከማቆሚያው በስተቀር ጥላ የሚባል ነገር የለም። ወደዚያው አንድ እርምጃ ተራመደ።

"እግርህን" አለችው ውድነሽ። "እናቴን እንዳትረግጣት።"