የድምፅ መርዶ

ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ በሩ ተንኳኳ። ፋና ነጠላዋን ደርባ ተነሣችና "ማን ነው?" አለች።

"እኛ ነን። ደግ ነው፣ ክፈቺ" አሉ አጎቷ አያ ዘውገ ከውጭ።

በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ "ደግ ነው" የሚል ሰው ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም። ስትከፍት አያ ዘውገ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ቤታቸው ከከተማው ርቆ ብልባላ ነው፤ እንግዲህ ትናንት ከተማ ገብተው፣ የእህታቸውን ልጅ ሳይጠይቁ ሌላ ቤት አድረዋል ማለት ነው።  ከኋላቸው የንስሐ አባቷ አባ ተክለ ሚካኤል፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ጎረቤቷ ባንቺዓለም፣ ከሁሉም ኋላ የአክስቷ ልጅ ምሥጋናው አለ። ምሥጋናው ገበያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረምሳ ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ ከአልጋው ሲወርድ ያየው ሰው የለም።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ፋና የአልቃሽ ልጅ ናት። መርዶ ነጋሪ እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ ማን አስቀድሞ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። እናቷን ከቀበረች አርባ ሁለት ቀኗ ነው። ከእንግዲህ የሚያረዷት ሰው ቢኖር ኮን ከተማ የሚያስተምረው አንድ ልጇ ኢያቄም ብቻ ነው።

አያ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄን!" ብላ ጮኸች ፋና። ነጠላዋ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሁለት እጇ ደረቷ ላይ አረፈ። "ኢያቄምን! ልጄን በላችሁት!"

"ኧረ ልጁ ደህና ነው! ፋና! ደህና ነው አልኩሽ!" አያ ዘውገ ክንዷን ያዙ። "በእህቴ አጥንት፣ ልጁ ደህና ነው!"

አላመነችም። ስልኳን ከትራሷ ሥር ጎትታ ደወለች። ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ቆይቶ የኢያቄም የእንቅልፍ ድምፅ መጣ።

"እማ? ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ተኛ፣ ተኛ።" ዘጋችው። ወደ ሰዎቹ ዞረች። "ታዲያ ማን ነው የሞተው?"

"ሰው አይደለም" አሉ አያ ዘውገ።

"ሰው ካልሞተ ምን ሆናችሁ እንዲህ ሆናችሁ መጣችሁ?"

ሁሉም ወደ ምሥጋናው አዩ። ምሥጋናው ወደ መሬት አየ።

"ኮምፒውተሩ ነው፣ እታለም።"

ፋና ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችውም፤ አፏን በእጇ እስክትይዘው ድረስ ወጣ። "ለኮምፒውተር መርዶ! ቄስ ይዛችሁ! ብረት ነው እኮ፣ ይጣላ!"

አያ ዘውገ አልሳቁም። "ልጄ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ" አሉ፣ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ። "እናትሽ ሄደች። ድምፅዋም ተከተላት።"

ሳቁ እዚያው ቆመ።

እናቷ አዛለች ከብልባላ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ለቅሶ በተነሣ ቁጥር የምትጠራ አልቃሽ ነበረች። ሟቹን በስሙ፣ በአካሄዱ፣ በበሬው መልክ ሳይቀር ጠርታ ታስለቅሳለች። አንዴ ያለችውን ሁለተኛ አትለውም። "የእገሌን ደግመሽ በይልን" ሲሏት "የሞተው አንዴ ነው" ብላ ትመልሳለች። ስለዚህ ፋና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተከተለች በስልኳ ቀዳቻት። ስድሳ አራት ለቅሶ ሆነ። ስልኳ እንዳይሞላ ከዚያ እያጠፋች፣ ሁሉንም ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ በአንድ ፎልደር ሰብስባ፣ እያንዳንዱን በሟቹ ስም አስቀመጠችው።

ኮምፒውተሩን የገዛችው እንግዳ የጠፋበት ሆቴል ዕቃውን ሲሸጥ ነበር። የሠርግ ጥሪና ማመልከቻ ትጽፍበታለች። አምና መብራት ሄዶ ሲመለስ ግማሽ ቀን ሙሉ አልነሣ አላት። ያን ዕለት ደንግጣ ወደ ምሥጋናው ሮጠች።

"ባክአፕ ነው የሚያስፈልግሽ፣ መጠባበቂያ ግልባጭ" አላት። ሃርድ ዲስክ አስገዛትና ሦስት ፕሮግራም አሳያት።

የመጀመሪያው ፋይሉን በኢንተርኔት ወስዶ ሩቅ አገር የሚያስቀምጥ ነበር። "ኔትወርክ ሲጠፋስ?" አለችው። "እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ።" "እዚህ አገር ተቀምጠህ ነው ይኼን የምትለኝ? ተወው።"

ሁለተኛው የየዕለቱን ለየብቻ የሚያኖር ነበር። ሲከፈት ግን ጥያቄው አያልቅም፤ በየስንት ቀኑ? የቆየውን ልጣል ወይስ ልያዝ? የተሰረዘውን ምን ላድርገው? ፋና ከወንበሩ ሸሸት አለች። "ይኼስ እንደ ዳኛ ያፋጥጣል። እኔ ምን አጠፋሁ?"

ሦስተኛው አንድ መስኮት ብቻ ነው። በግራ ኮምፒውተሩ፣ በቀኝ ዲስኩ፣ መሐል ላይ አረንጓዴ ቁልፍ።

"ይኼን ስትጫኚ ቀኙን ልክ እንደ ግራው ያደርገዋል" አላት።

"ልክ እንደ ግራው?"

"ልክ።"

"በቃ ይኼ ነው። ወሬ አያበዛም፣ የኔ ቢጤ ነው።"

ግራው ባዶ የሆነ ቀንስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አላሰበው።

እናቷ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ፋና ኮምፒውተሩን ስትከፍት እጇ ስቶ ከለቅሶዎቹ አንዱን ነካ። የእናቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ፋና ጆሮዋን ይዛ ከወንበሩ ወደቀች። ሲያልፍላት ተነሥታ ፎልደሩን እንዳለ ሰረዘችው። ዳግመኛ እንዳይገጥማት ብላ የተሰረዘ የሚጠራቀምበትን ቅርጫት እንኳ ባዶ አደረገች። 'ዲስኩ ላይ አለች፤ አቅም ሳገኝ እሰማታለሁ' አለች በሆዷ። በሳምንቱ ዘመድ የላከላትን የቀብር ፎቶና ቪዲዮ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነች። ዲስኩን ሰካች። እንደ ልማዷም አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች።

ቁልፉ የታዘዘውን አደረገ። ቀኙን ልክ እንደ ግራው።

ይህን ያወቀው ምሥጋናው ነበር። ባንቺዓለም ባሏ እንዳለው ከገበያ ሲመለስ ወንዝ ከወሰደው ዓመት ሊሆነው ነው፤ አዛለች ያለቀሰችለትን በስልኳ ልትይዝ ፈለገች። ፋና የእናቷን ድምፅ ለመስማት ገና አቅም ስላጣች ዲስኩን ለምሥጋናው ላከችው። ከፈተው፤ ለቅሶዎቹ የሉም። ወደ ብልባላ ወደ አያ ዘውገ ደወለ፤ ዲስኩን ግን ምንም ሳይነግራት ለፋና መለሰላት።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለች ፋና። አሁንም ቆማለች።

"ባንቺዓለም በጠየቀችሽ ሰሞን።"

"ያ'ኮ ሃያ አምስት ቀን አለፈው!"

"አርባዋ ሳይወጣ፣ በሐዘን ላይ ሐዘን አይነገርም ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አሉ አያ ዘውገ። "እሱን አትቆጪ።"

"እኔን 'ዲስኩ ታሟል' ነበር ያሉኝ" አለች ባንቺዓለም። "ትናንት ነው የሰማሁ፣ እመብርሃንን።"

አባ ተክለ ሚካኤል በወጣትነታቸው ብራና ይጽፉ ነበር። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ ምሥጋናውን አተኩረው አዩት። "ዋናው ሲፋቅ አብሮ የሚፋቅ ግልባጭ! እንዴት ያለ ግልባጭ ነው፣ ልጄ? ይኼን እያወቅህ ሰጠሃት?"

"አላሰብኩትም፣ አባ።"

"አሁን ምንም መላ የለውም?" አለች ፋና።

ምሥጋናው ወደ ኮምፒውተሩ አየና ቶሎ ዐይኑን መለሰ።  ፋና የደበቃት ሌላ ነገር እንዳለ ገባት።

"ተናገር እንጂ!"

"ወልድያ የተሰረዘ የሚያወጣ ሰው አለ። ተሰረዘ ማለት ያኔውኑ ጠፋ ማለት አይደለም። ቦታው ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል።"

"ሌላ ተጽፎበታል?"

"የቀብሩ ቪዲዮ... የአርባው... ኢያቄም የላከልሽ ፊልም... አንቺ በየቀኑ ትጭኚ ነበር፣ እታለም።"

"በየቀኑ ስጭን እያወቅህ ዝም አልክ?"

"ዲስኩን ብይዝብሽ ለምን ትይኛለሽ። ለምን ካልሽኝ መንገር ሊሆን ነው። እንዳልነግርሽ ደግሞ ታዝዣለሁ።"

ፋና አሁን ተቀመጠች፤ ወንበር ላይ ሳይሆን ነጠላዋ የወደቀበት ወለል ላይ።  አያ ዘውገ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ምን እንዳደረጉ የገባቸው አሁን ነው።

"እኔ ገደልኳት" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። "እናንተ ደግሞ፣ እኔን ላለማስደንገጥ ብላችሁ፣ በየቀኑ በገዛ እጄ አፈር አስመለሳችሁኝ።"



ምሥጋናው በዚያው ጧት ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወልድያ ወረደ። በዘጠነኛው ቀን ሲመለስ ከስድሳ አራቱ አሥራ አንድ ይዞ መጣ። አሥራ አንዱም ጎዶሎ ናቸው፤ ገሚሱ ራስ የለውም፣ ገሚሱ እግር። የሟቾቹ ስም ጠፍቶ በየፋይሉ ላይ ቁጥር ብቻ ቀርቷል።

ፋና በዚያ ቀን ሁሉንም ጠርታ ነበር። ምሥጋናው ፋይሎቹን ሊጭን ሲል እጁን ያዘችው።

"መጀመሪያ ያ ዳኛው። ያ የሚያፋጥጠው ፕሮግራም።"

ጫነላት። በየጥያቄው ላይ እያስቆመችው አስነበበችው። 'የተሰረዘውን ምን ላድርገው?' ሲል "ያዝ በለው" አለችው። ከዚያ ወጣ ብላ የባንቺዓለምን አውራ ዶሮ በስልኳ አንሥታ ተመለሰች። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አደረገች፣ ወደ ዲስኩ አስገለበጠች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሰረዘች፣ እንደገና አስገለበጠች።

"በል አሁን ዲስኩን ክፈት።"

ዶሮው ዲስኩ ላይ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

"ሞቶም አለ?" አሉ አባ ተክለ ሚካኤል፣ ጎንበስ ብለው።

"አለ፣ አባ።"

ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቱንም ጊዜ ዶሮው ተገኘ። ባንቺዓለም "የኔ ዶሮ ከሁላችንም በለጠ" ብትል የሳቀላት አልነበረም። ፋና አዲስ የተገዛ ሌላ ዲስክ አያ ዘውገ እጅ ላይ አስቀመጠች። "ይኼኛው ብልባላ ይሂድ። የኔ ቤት ቢቃጠል የእርስዎ አለ። ግን አያ ዘውገ፣ አንድ ነገር ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ይንገሩኝ። ምግብ ላይም ብሆን፣ ቀብር ላይም ብሆን።"

"በዚያው ሰዓት" አሉ አያ ዘውገ። ዲስኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

የቀረው ስም መስጠት ነበር። ቁጥር የማንም ስም አይደለም፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ ለማወቅ መስማት ግድ ነው። ፋና ያን ያህል የሸሸችው ይህንኑ ነበር። የወንበሩን ጠርዝ በአንድ እጇ ጨብጣ በሌላው የመጀመሪያውን ቁጥር ተጫነች።

ኮሽታ ተሰማ። የሰው ጉርምርምታ። የአዛለች ሳል፣ ያ ከሁሉ አስቀድማ የምትስለው። ከዚያ ድምፅዋ፦

"ብልባላ ገበያ ሰው ሁሉ ገባና፣"

ተቆረጠ።

አያ ዘውገ ወደ ፊት እንደተንጠራሩ ቀሩ፤ ቀሪው ስንኝ መንገድ ላይ ዘግይቶ የሚደርስ ይመስል ጠበቁ። ሁሉም ጠበቀ። አልመጣም። ባንቺዓለም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

"የእንዳለው ነው" አለች። "የኔ ነው።"

"ሁለተኛው ስንኝ ምን ነበር?" ፋና ዞረችባት። "ባንቺ፣ አንቺ ፊት ለፊቷ ነበርሽ። ከዚህ ቀጥሎ ምን አለች?"

ባንቺዓለም ራሷን ነቀነቀች። ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች።

"እኔ ምኑን ሰምቼ፣ እህቴ። እኔማ እያለቀስኩ ነበር።"

ፋና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። ቁጥሩን አጥፍታ 'የእንዳለው ለቅሶ፣ ግማሽ' ብላ ጻፈች። ማንም እንዳይናገር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ሁለተኛውን ቁጥር ተጫነች።