ቀዩ መስመር የማን ነው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልወድም። ሰውም ፕሮግራምም አላምንም። በውሃ ምርመራ ክፍላችን ግራፍ የምሠራው እኔ ነኝ። የትኛው ቀለም የየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ የምትናገረዋን ትንሽ ሳጥን፣ ሌጀንዷን፣ ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲያወጣት ፈቅጄለት አላውቅም፤ ያዝረከርካታል። በሳጥኗ ውስጥ የቀለሙንም የጉድጓዱንም ስም በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ቀይ የላይኛው ጉድጓድ፣ አረንጓዴ የመሃሉ፣ ሰማያዊ የታችኛው።

ባለፈው ወር ቀዩ መስመር ከአደጋው ወሰን በላይ ወጣ። መስመሩ የሚያሳየው በውሃው ያለውን ናይትሬት ነው፤ ለአዋቂ ብዙም አያሰጋም፣ ለጨቅላ ግን መርዝ ነው። አለቃችን ግራፌን አይቶ የላይኛውን ጉድጓድ አዘጋ። እህቴ የምትቀዳው ከታችኛው ነው፤ ለሁለት ወር ልጇ የዱቄት ወተት የምትበጠብጠውም በዚያው ውሃ። እሰይ፣ ተረፉ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አነሳሁት።

«ወንድምዬ፣ የልጁ ከንፈር ጠቆር አለብኝ። ውሃው ይሆን እንዴ?»

«ብርድ ነው፣ ደርቢለት። ውሃውን ተዪው፤ ግራፉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ስመለስ አዲሷ ሠራተኛ ኮምፒውተሬ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። መነጽር እንላታለን፤ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የከፈተችው የኔን ፋይል ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

እጇን ሰብሰብ አደረገች። «ምንም፣ ጋሼ።»

«ምንም» የሚል ሰው መቼም ባዶ እጁን አይገኝም። ከዚያ በኋላ ዓይኔን አልነቀልኩባትም። ሁለቴ እስከ አለቃችን በር ሄዳ ተመለሰች። ወንበሬን ፈልጋለች አልኩ። ሥራዬን አበላሽታ ልታሳጣኝ ነው! ደሜ ፈላ። ከምሳ በፊት ይዣት ገባሁ።

«ፋይሌን ነካክታለች!» አልኩ።

«ቀስ በል፤ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» አለ አለቃችን። «አንቺ ተናገሪ።»

«እኔ የነካሁት የለም» አለች። «ግራፉና ሰንጠረዡ አልገጥም ብለውኝ ነው። በሰንጠረዡ ከፍተኛው ቁጥር የታችኛው ጉድጓድ ነው። ለጋሼ ለመናገር ፈራሁ።»

ሳቅሁባት። ከዚያ ሰንጠረዡን ከፈትኩት።

ባለፈው ወር ጉድጓዶቹን በጥልቀታቸው የደረደርኳቸው እኔው ነኝ። ጥልቁ የታችኛው ነውና አንደኛ ሆነ። ሶፍትዌሩ ቀለም የሚያድለው በተራ ነው፤ ለአንደኛው ቀይ። መስመሮቹ ቀለም ሲለዋወጡ በእጄ የጻፍኳት ሌጀንድ እንዳለች ቀረች፤ ቀዩ የታችኛው ሆኖ ሳለ የላይኛው ትላለች። ለሶፍትዌሩ ብተወው ኖሮ እያንዳንዱን ስም ከመስመሩ ጋር ይዞት ይሄድ ነበር። ፋይሉን ከኔ ሌላ የነካው ሰው የለም።

አለቃችን ወደ ስልኩ ዘለለ፣ የታችኛውን ሊያዘጋ። እኔም የራሴን አወጣሁ። እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ያን ውሃ እንዳትሰጪው! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው!»

«አፍልቼው ነው እኮ የምሰጠው…»

«ማፍላት አያጠፋውም! ልጁ እንዴት ነው?»

 እርምጃዋን፣ ከዚያ የአልጋውን ሲጢጥ ማለት ሰማሁ።

«ጎረቤቴ ሐኪም ቤት ውሰጂው ብላኝ ነበር» አለች። «ወንድሜ ያውቃል ብዬ ደርቤለት አስተኛሁት። አሁን ብቀሰቅሰው፣ ብቀሰቅሰው አልነቃ አለኝ።»